የጠዋት እጆቼ

መጀመሪያ ያቃተኝ የካሜራዬን የካሴት ክዳን መክፈት ነው። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ ገና መግባታቸው ነበር፤ ፊልም የምንቀርጸው በትንንሽ ካሴት ነው። ራማት ቬርበር ሰፈር ካለው ቤታችን ጠዋት ለሠርግ ቀረጻ ልወጣ ስል አውራ ጣቴ አብጦ፣ ግሎ እምቢ አለኝ። ክዳኑን በጥርሴ ከፍቼ ሄድኩ። መቀመጥ የማልወድ ሰው ነኝ፤ ለመታመምም ጊዜ አልነበረኝም።

በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱም እጆቼ ያዙኝ። የመገጣጠሚያ ሐኪሟ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን ስታደርግ ቆይታ፣ "ሩማቶይድ አርትራይትስ ነው። የሰውነትሽ መከላከያ የራስሽን መገጣጠሚያዎች እያጠቃ ነው። አይድንም፤ ግን ሊገታ ይችላል" አለችኝ። በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ሜቶትሬክሳት አዘዘችልኝ። እኔ የሰማሁት "አይድንም" የሚለውን ብቻ ነው። ካሜራ መያዝ ካልቻልኩ ምን እሠራለሁ? እንደ እናቴ ቢሮ ለማጽዳት እንኳ እጅ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ትንሽ አስታገሰኝ። ከዚያ በኋላ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቀጠሮዬ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ጠዋት የደረቁት ጣቶቼ በዚያ ሰዓት ይፍታታሉ። ሐኪሟ "እንዴት ነሽ?" ስትለኝ፣ "በሰደር፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፤ በሰደር በዕብራይስጥ ደህና ነኝ እንደማለት ነው። ጎንደሬ እናት ያሳደገችኝ ነኝ። እኛ ቤት አስቀድሞ ደህና ነኝ ይባላል፤ ሕመሙ የሚወጣው ጠያቂው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግም ነው። እሷ አልደገመችም። ተሽሏታል ብላ ጻፈች፤ መድኃኒቱንም ቀነሰችልኝ።

ሮሽ ሃዓይን ከተማ ሠርግ ነበር። የሙሽራዋ አያት ሊመርቁ ተነሡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጣቶቼ ከዱኝ። ካሜራው ወደቀ። ሰው ሁሉ "አሜን" ሲል እኔ ወለሉ ላይ ስብርባሪ እለቅም ነበር። ምርቃቱ አልተቀረጸም።

"አይዞሽ፣ ልጄ" አሉኝ የሙሽራዋ አባት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወሬው ተዛመተ፤ ለሠርግ የሚጠራኝ ጠፋ።

ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ግን አሮጌዋን ካሜራዬን ማቆሚያ ላይ ሰክቼ እጆቼን መቅረጽ ጀመርኩ። ለጥበብ ብዬ አይደለም፤ በንዴት ነው። ሸሚዜን ስቆልፍ፣ አንዷ ቁልፍ አልገባ ስትለኝ፣ ስሳደብ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ከጎን ገብታ ቆለፈችልኝ። እሱም ተቀረጸ።

ካሜራዋን ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። በካሜራዋ ትንሽ መስኮት እስከ መጨረሻው አየችው።

"ይህን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጠየቅሽኝ፤ ደህና ነኝ አልኩሽ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው።"

"ተሳስቻለሁ፤ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ" ብላ መድኃኒቱን መልሳ ከፍ አደረገች፤ መርፌም ጨመረች። ቀጠሮዬንም ወደ ጠዋት ሁለት ሰዓት አዛወረችው።

ከወራት በኋላ ጡጫዬን መጨበጥ ቻልኩ፤ ካሜራ ተሸክሜ ሰው ማሳደዱን ግን ትቼ፣ ማቆሚያ ተክዬ ሰዎች በራሳቸው ጊዜ ወደ ምስሉ እስኪገቡ መጠበቅ ተማርኩ፤ ለእንደኔ ዓይነቷ ቁንጥንጥ ይህ ከመርፌው ይልቅ ያማል። የጠዋቶቼ ፊልም ማሃኔ የሁዳ በሚገኘው የሰፈር አዳራሽ ሲታይ ሰው ቆሞ አየው፤ ሥራም ተመልሶ መጣልኝ።

ተሳስቻለሁ ለማለት ያላፈረችውን ሐኪሜን አመሰግናለሁ። ይህ በሽታ የያዛችሁ፣ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አትተዉ፤ የሚያማችሁን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪም "እንዴት ነሽ?" ሲል ሰላምታ እንዳይመስላችሁ።

እናቴም ፊልሙን አየች። በሳምንቱ ላስተረጉምላት ከእሷ ጋር እሷን ወደሚያክማት ሐኪም ገባሁ። ሐኪሙ እንዴት እንደሆነች ጠየቀ። እኔ እንደ ልማዴ "ደህና ናት" ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ።

"ያማታል በይው" አለችኝ። "ጉልበቴን። እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ።"

በዕብራይስጥ ነገርኩት።