የሰመጠው ካፒቴን እንዴት ተነሣ?

እንግሊዝኛ ሳልችል የፊልም አስተርጓሚ ነበርሁ፤ አትሳቁ። በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ፊልም ሲታይ ማይክሮፎን ይዤ በአማርኛ የምተርከው እኔ ነኝ። የባሕር ወንበዴዎቹ ፊልም ክፍል አንድ ሲያልቅ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ካፒቴን ከመርከቡ ተወርውሮ ባሕር ገባ። የሚሉት ስላልገባኝ «ሰመጠ፤ ሞተ» ብዬ ደመደምሁት። ስንቱ አለቀሰለት!

በወሩ ክፍል ሁለት መጣ። ገና ሲጀምር ካፒቴኑ መለኪያ ጨብጦ ይስቃል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ብድግ አሉ። «ጓድ፣ ሞቷል ብለህ ሰፊውን ሕዝብ አስለቅሰሃል። ይኸ ከየት መጣ?»

«መንታ ወንድሙ ነው» አልሁ።

«ጠባሳውም መንታ ነው?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ይኼኔ ታንኳ ሠሪው ጋሽ ሰይድ ተነሡ። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ እንጥለዋለን እንዴ? ከሐይቁ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲደርቅ መልሶ ይንሳፈፋል። ይኸንም ሰው አንድ ባለሙያ አግኝቶ አቁሞ አንጠፍጥፎታል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩም እየሳቁ ተቀመጡ።

ሳቁ ሳይበርድ ፊልሙ ወደ ኋላ ተመልሶ የካፒቴኑን አወጣጥ ያሳይ ጀመር። ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ጎትተው አወጡት፤ ከዚያም እግሩን አስረው ምሰሶ ላይ ዘቀዘቁት። ውሃው በአፉ ይንዶለዶላል!

ማይክሮፎኑን ለጋሽ ሰይድ አቀበልኋቸው። ክፍል ሦስትን የተረጎሙት እሳቸው ናቸው።