አራራይና የከበሮው ማንገቻ

በ1991 ዓ.ም. ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዜማ ተማር የተባልሁት በዚያ ዓመት ነው፤ ጥርሴ ሊረግፍ ሲል ማለት ነው።

ደብራችን ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ነው ያለው። ደብተራ የሚባል ፍጥረት የንግሥ ድግስ ካልሸተተው አቀበቱን አይወጣውም። ስለዚህ ከበሮውን ስንት ዘመን የመታሁት እኔ ገበሬው ነኝ። ማንገቻው ሲበጠስም ካረድሁት በሬዬ ቆዳ ጠፍር አውጥቼ፣ ቅቤ አጠጥቼ ያሰርሁለት እኔው ነኝ። ፊደል በቅጡ አልቆጠርሁም፣ መሬቴም ድንጋይ ነው። ታቦት ሲወጣ ያ ጠፍር ትከሻዬ ላይ ካረፈ ግን ከሰው እኩል ነበርሁ። ሌላ ክብር የለኝም።

ከዚያ መሪጌታ ተመደበልን። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ጥምጣሙ ከራሱ የሚበልጥ፣ ዕድሜው ከበኩር ልጄ የሚያንስ። ልጆቼ «አሉ» በል ይሉኛል፤ እኔ «አለ» እላለሁ። በመጣ በመጀመሪያው ሰንበት ስመታ ሰማና ጥርስ እንዳመመው ሰው ጉንጩን ያዘ።

«አባቴ፣ ምኑን ነው የሚመቱት?»

«ከበሮውን ነዋ! ምን መሰለዎት?»

«ዜማው ግዕዝ ነው። እርስዎ የሚመቱት ሠርግ ነው።»

ሰው ሳቀ። የኛ ሰው ለመሳቅ መቼ ይቸግረዋል! መሪጌታውም እዚያው ፈረደ፤ ሦስቱን የዜማ ዓይነት ለይቶ በአፉ ያላዜመ በመጪው ንግሥ ከበሮ አያነግትም።

እምቢ ብዬ ቤቴ ልገባ ነበር። ግን ከበሮዬን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አሰብሁት። ሄድሁና መሪጌታው ከሚያስተምርበት ወይራ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የወለድሁትን የሚያህል ሰው «የኔታ» አልሁ። ይህን ያህል ወረድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሃሌ ሉያ» የሚለውን አንዱን ቃል በግዕዝ፣ በዕዝል፣ በአራራይ ማለት ነው። አንድ እንጀራ በሦስት ዓይነት ወጥ እንደ መብላት። እኛ ዋግ ላይ አንዱም ወጥ አጥሮን እናውቃለን። ይሁን ብዬ ጀመርሁ። ግዕዝ ደረቅ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከተራራ ተራራ ሰው ሲጣራ ያደገ ይህ አይከብደውም። ዕዝል ለስለስም ከበድም ይላል፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ረገጥ ረገጥ እያልሁ ያዝሁት። አራራይ ግን አልያዝ አለኝ።

«አራራይ የሚያራራ ነው፣ አባቴ፤ ልብ ያባባል። እርስዎ ግን በሬ የሚነዱ ይመስላሉ።»

«በሬ ነው የምነዳው፣ የኔታ። እርስዎም የሚበሉት በዚያ ነው።»

መቋሚያውን መሬት ላይ ነረተና እንደገና አዜመ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰብቆ፣ ድምፁን እንደ ፈትል አቅጥኖ። እውነት ለመናገር የኔን ልብ ምንም አላባባውም። እንቅልፌ መጣ።

ቤቴ ገብቼ አሰብሁ። እኛ አገር ልብ የሚያራራው ምንድን ነው? ለቅሶ ነዋ! ሴቶቻችን ባገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ሙሾ ሲያወርዱ ቋጥኝ እንኳ ይላላል። እንግዲያው «ሃሌ ሉያ»ን በሙሾው ዜማ ላይ ጫንሁት፤ ልክክ አለ! እርሻ ላይ አዜምሁት፣ ጽጽቃ ገበያ ስሄድም መንገዱን ሙሉ አዜምሁት። ለመሪጌታው ግን ደበቅሁት፤ በሰው ፊት አፉን ላሲዘው።

ሚስቴ አንድ ቀን ሰማችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማንን ልትቀብር ነው?»

«የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። አንቺ ምኑን ታውቂው!»

«እኔማ ምኑን አውቄ። እናቴን የቀበርናት በዚህ ነው እንጂ።»

ቅናት ነው ብዬ ተውኋት።

ንግሡ አንድ ሰንበት ሲቀረው፣ ቅዳሴ አልቆ ሰው ቅጥር ግቢው ውስጥ እንደ ተቀመጠ፣ መሪጌታው አስነሣኝ። ግዕዙን አልሁ፤ ራሱን ነቀነቀ። ዕዝሉን አልሁ፤ ነቀነቀ። ከዚያ ትንፋሼን ሳብሁና አራራዩን ለቀቅሁት።

መጀመሪያ ጎረቤታችን መበለቲቱ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ተነሣች። አጠገቧ ያለችው ተቀበለቻት። ወዲያው የሴቶቹ ወገን ሁሉ ደረት መምታት ያዘ። በመንገድ የሚያልፍ ባለ አህያ አህያውን ትቶ ወደ በሩ ሮጠና «ማን አረፈ?» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አሉት። ማን ይስማቸው! እሱም ማልቀስ ጀምሯል።

መሪጌታው መቋሚያው እስኪወድቅ ሳቀ። «መራራቱንስ አራርተዋል፣ አባቴ። ሬሳው የታለ?» አለኝ። አሁን ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ እንባውን ሳይጠርግ ይስቅ ጀመር። የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ማልቀሱንም መሳቁንም ከሌላ ሰው አፍ ይጠብቃል። «ከበሮውን ዘንድሮ ሌላ ሰው ይምታው፤ ለከርሞ ይደርሳሉ» ብሎ ጨረሰልኝ።

አራራይ የሚያራራ ነው ያለው ራሱ ነው። እሱ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዜም አንዲት አሮጊት አፍንጫዋን አልጠረገችለትም። እኔ ግቢ ሙሉ ሰው አስለቀስሁ፤ የወደቅሁት ግን እኔ! እንዲህ ያለ ፈተና ሰይጣንም አያወጣ።

ስወጣ መበለቲቱ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«እግዜር ይስጥህ። ወንድሜ የተቀበረ ቀን ዶፍ ዝናብ ሆኖ በወጉ አላለቀስሁለትም ነበር።»

«ለከበሮዬ ነው ያዜምሁት። ለወንድምሽ አይደለም» አልኋት።

«ይሁን። ደርሶታል» ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ደብሩ ወጣሁ። ከበሮው ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ከቦታው ተሰቅሏል። አወረድሁትና ማንገቻውን መፍታት ጀመርሁ። መሪጌታው ደረሰብኝ።

«አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ከበሮው የታቦቱ ነው። ጠፍሩ የበሬዬ ነው።»

ጠፍሩን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ወረድሁ፤ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር በሱ አሰርሁና ጠመድሁ።