የጋሽ መስፍን እግር

የስፖርት ጫማ በተወለወለ የእንጨት ወለል ላይ ድንገት ሲቆም ሲጥ የሚል ድምፅ ያወጣል። አሁን በምኖርበት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከሥራ ስመለስ በአንድ ትምህርት ቤት ጂም አጠገብ አልፋለሁ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ከተገኘ ያ ድምፅ ከኳሱ ድብደባ ጋር ተቀላቅሎ እስከ መንገዱ ይወጣል፣ እኔም ቆም ብዬ ሰምቼው ሳልጨርስ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደነበረው አፓርታማችን ሳሎን እመለሳለሁ፤ ምንጣፉ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ኳሱ እስኪገባ ይጠብቃሉ።

ሁለቱ ሰዎች አባዬና ጋሽ መስፍን ነበሩ። ጉለሌ አንድ ሰፈር አብረው አድገው፣ ተከታትለው አሜሪካ ገብተው፣ ከማግባታቸው በፊት ታኮማ ፓርክ አንዲት ክፍል ተጋርተው ኖረዋል። የመጀመሪያ ሥራቸው ከዚያ ብዙም በማይርቅ አንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አዳራሽ ጽዳት ነበር፤ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ እነሱ ገብተው ከየወንበሩ ሥር የፈንድሻ ካርቶንና የለስላሳ ብርጭቆ ይለቅሙ ነበር። አባዬ እንደሚለው፣ መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ቶሎ አልቆ ሥራቸውን ጨርሰው እንዲገላገሉ ነበር የሚመኙት፤ በኋላ ግን ሳያስቡት ቀደም ብለው እየመጡ፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ከመተላለፊያው ጫፍ እያዩ፣ የተጫዋቾቹን ስም ለዩ፣ ሕጉን ለመዱ፣ ውለው አድረውም ቡድኑ ሲሸነፍ እህል የማይወርድላቸው ሰዎች ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተማሩም። ቢሆንም አባዬ ዋሽንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ ሜንተናንስ ማለትም ጥገና፣ ጋሽ መስፍን ደግሞ አሌክሳንድሪያ ገብቶ አዳዲስ ቤቶች ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ኩባንያ ውስጥ ሥራ ከያዙ በኋላም «የእኛ ልጆች» የሚሉት ያንን ቡድን ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ጨዋታውም ይጀምር ስለነበር፣ ለእኔ የመጸውና የእንግዳ ትርጉም አንድ ነበር። ጋሽ መስፍን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ሜሮንን ይዞ ቤልትዌይ የሚባለውን ቀለበት መንገድ ዞሮ ይመጣል። ሚስቱ እትዬ አበባ ቅዳሜም ሥራ ስለነበራት አብራ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነበር። ሜሮን እኩያዬ ነበረች፤ አባቶቻችን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያፈጡ እኛ የልብስ ቅርጫቱን ኮሪደሩ ጫፍ አስቀምጠን፣ ካልሲ ጠቅልለን እየወረወርን፣ እሷ በእንግሊዝኛ እንደ ጋዜጠኛ እየለፈለፈች እንጫወት ነበር። እማዬ ኳሱ ደንታ አይሰጣትም ነበር፤ ግን የሁለቱን ሳቅ ትወድ ነበርና ጥብሱን አቅርባ፣ እሷም ጥግ ላይ ቁጭ ብላ እነሱን ታይ ነበር።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ቡድኑ ከወትሮው ሁሉ በለጠ። ቀጭን፣ ጆሮው የቆመ ኳስ አከፋፋይ፣ ፖይንት ጋርድ የሚሉት፣ ነበረው፤ አባዬና ጋሽ መስፍን «ቀጮ» የሚል ስም አውጥተውለት፣ ኳስ በያዘ ቁጥር እንደ ሰፈር ልጅ ይመክሩት ነበር። ኅዳርንና ታኅሣሥን አሸንፎ አሸንፎ የገና በዓል ሲደርስ፣ ጋሽ መስፍን ቤታችን ዶሮ እየበላ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ቡድኑ በመጋቢት ወደሚደረገው ትልቁ ውድድር ከገባ፣ ጨዋታው የትም ከተማ ይሁን፣ ሁለቱ አባቶች ሜሮንንና እኔን በመኪና ይዘውን ይሄዳሉ። አባዬ ወዲያው እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ሆቴል ውስጥ አድሬ ስለማላውቅ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሜሮን ጋር ስንገናኝ የምናወራው ስለ ሆቴሉ የመዋኛ ገንዳ ብቻ ሆነ።

ዓመቱ ግን ለትልልቆቹ ክፉ ነበር። ቤት የሚገዛ ሰው ጠፍቶ፣ የተጀመሩ ቤቶች በር ሳይገጠምላቸው ቀርተው፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ማን ሌይኦፍ ተደርጎ ከሥራ እንደወጣ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ጋሽ መስፍን በሥራ ቀንም መምጣት ጀመረ። አባዬ በጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ይመለስ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስገባ ሁለቱን ቁጭ ብለው አገኛቸዋለሁ፤ ጋሽ መስፍን የሥራ ሱሪውን እንደለበሰ፣ ያለፈ ጨዋታ እየደገሙ ያያሉ። እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ «ማሚቱ፣ ነይ ሳሚኝ» ብሎ ከኪሱ ማስቲካ ይሰጠኛል። እማዬ አንድ ቀን ሳህን እያጠበች፣ መስፍን የከሳ አልመሰለህም ወይ ብላ አባዬን ስትጠይቀው፣ አባዬ ብርዱ ነው ብሎ አለፈው።

የካቲት ሲገባ ቡድኑ ተሸነፈ። አንድ ሽንፈት ማንንም አያስደነግጥም ነበር፤ ግን ቀጥሎም ተሸነፈ፣ ከዚያ ቀጥሎም። የተሸነፉበት መንገድ ደግሞ ይበልጥ አናደደን። የመጀመሪያውን ግማሽ እንደልባቸው መርተው፣ ከእረፍት ሲመለሱ እጃቸው ይተሳሰራል፤ ቀጮ ኳሱን ለባላጋራ ያቀብላል፣ የቅጣት ምቱ ቀለበቱን ዞሮ ይወጣል፣ አሰልጣኙ ክራቫቱን አላልቶ ኮርኒሱን ያያል። አባዬ ሰው አክባሪና ረጋ ያለ ነበር፤ በዚያ ወር ግን ቴሌቪዥኑን ይሰድብ፣ በነጋታው ሥራ ቦታም ኩርፊያው ሳይለቀው ይውል ነበር። ምን ነካቸው እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ጋሽ መስፍንም ደክሟቸው ነው፣ ልጆች ናቸው እኮ ይለዋል።

አንድ ቅዳሜ የአባዬ የሥራ ጓደኞችም መጥተው ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ቡድኑ በሰፊው እየመራ፣ አባዬ ከብዙ ቀን በኋላ እየሳቀ፣ ጥብስ በእጁ እያጎረሰ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መስፍን ሲመጣ አንድ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ዘግይቶ ነበር፤ ሜሮንን አስቀድሞ ገባ፣ ሰላም ብሎ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ኳስ አልገባም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልዩነቱ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጥቶ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ባላጋራው ቀድሞ አሸነፈ። አባዬ ወደ ጋሽ መስፍን ዞሮ፣ እየሳቀ፣

«አንተ ሰውዬ እግርህ ደረቅ ነው። አንተ የገባህበት ነገር ሁሉ ይደርቃል» አለው።

እንግዶቹ ሳቁ። ጋሽ መስፍንም ሳቀ፣ ግን እግሩን ዝቅ ብሎ አየው፤ ካልሲ ብቻ ነበር ያደረገው፣ ጫማውን እንደ ወጉ በር ላይ አውልቆ ነበር። እማዬ አልሳቀችም። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ መስፍን ሜሮንን ኮትሽን ልበሺ አላት፤ ካልሲ ውርወራችንን ሳንጨርስ ሄዱ።

ከቀጣዩ ጨዋታ በፊት ጋሽ መስፍን ስልክ ደወለ። አባዬ ስፒከር ላይ ስላደረገው ሁላችንም ሰማነው፤ ድምፁ እንደ ወትሮው የሚቀልድ ሰው ድምፅ ነበር።

«ጌች፣ ልምጣ ወይስ ልቅርላችሁ?»

«ለዛሬ ቅርልን እስቲ» አለ አባዬ እየሳቀ፤ «ካሸነፍን ደውዬ እጠራሃለሁ።»

ጋሽ መስፍን ሳይመጣ ቡድኑ ከበፊቱም በባሰ ተሸነፈ። ስላላሸነፈም አባዬ አልደወለም። ሳይደውል ሌላ ጨዋታ መጣ፣ ያም ተሸነፈ፤ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ጥብሱ በሽሮ ተተካ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ብቻውን ተቀምጦ ማየት ጀመረ። እኔ ሜሮን መቼ ነው የምትመጣው እያልኩ እነዘንዝ ነበር።

አንድ እሑድ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ኩሽና ገብታ አባዬን ጠራችው። ከእትዬ አበባ ዘመድ ሰምታ ነበር። ጋሽ መስፍንን ኩባንያው ያስወጣው ከገና በኋላ ነው፤ ሜሮን እንዳታውቅ ብሎ የሥራ ልብሱን እየለበሰ ከቤት ይወጣል፣ የሚውልበት ሲያጣም እኛ ቤት ይመጣ ነበር። አባዬ ዱላ የመታው ይመስል ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ለምን ለእኔ አልነገረኝም ብሎ ብዙ ጊዜ ጠየቀ፤ እማዬ ነጠላዋን አውልቃ ማጠፍ ጀመረች።

በዚያው ሳምንት እኔን ይዞኝ አሌክሳንድሪያ ሄደ። ጋሽ መስፍን በሩን ከፍቶ በአክብሮት አስገባን፣ ለስላሳ አቀረበ። ቴሌቪዥናቸው ጠፍቶ ነበር። አባዬ በመኪና ውስጥ ሳለ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼው ነበር፣ የሚናገረውን ሲያጠና ነበር መሰለኝ፤ እዚያ ሲደርስ ግን ስለ በረዶውና ስለ መንገዱ አወራ፤ ለስላሳውን ጠጥቶ ሲጨርስም «ምነው ጠፋህ?» አለው።

«ሥራ በዛብኝ» አለ ጋሽ መስፍን፣ ዓይኑን ከአባዬ ዓይን ሳይነቅል።

አባዬ ከዚያ በኋላ ምን ሊል ይችላል? ሥራ እንደሌለህ አውቃለሁ ሊለው ነው? ራሱን ነቀነቀና፣ እግዚአብሔር ያበርታህ አለ። ሜሮን ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «ዳዲ ጌም ማየት ትቷል» አለችኝ። ስለ ሆቴሉ ማንኛችንም አላነሳንም። ስንመለስ አባዬ ሬዲዮ አልከፈተም።

ወደ ትልቁ ውድድር የሚገቡት ቡድኖች ስም የሚነበብበት እሑድ ሲደርስ ተስፋ እንደሌለ አባዬም ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። የእኛ ልጆች ስም አልተጠራም። ካሜራው ስማቸው የተጠራ የሌላ ቡድን ልጆች በደስታ ሲዘሉ እያሳየ ሳለ፣ እማዬ ከኋላው ቆማ ዝግ ባለ ድምፅ «አሁንስ በማን እግር ልታሳብብ ነው?» አለችው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጋሽ መስፍን ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዴንቨር ሄደ፤ እኛ የሰማነው ከሄዱ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓመት በመጣ ቁጥር ያው ነበር። ቅጠል ሲረግፍ ቡድኑ ያሸንፋል፣ አባዬ ዘንድሮ ሌላ ነው ይላል፣ የካቲት ሲገባ መሸነፍ ይጀምራል። ቀጮ ተመርቆ ሄደ፣ አሰልጣኙ ተባረረ፣ ሌላ አሰልጣኝ መጥቶ እሱም ክራቫቱን አላላ። አባዬ በበዓል በበዓል ዴንቨር ይደውል ነበር፤ መጀመሪያ እትዬ አበባ እያነሳች መልእክት ትቀበለው ነበር፣ በኋላ ቁጥሩ ተለወጠ።

እኔ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ፣ ጉለሌ የሁለቱም ጎረቤት የነበሩ አንዲት እናት አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ቤት ዐርፈው፣ አባዬን ለቅሶ ያደረስኩት እኔ ነበርኩ። ጋሽ መስፍን ከዴንቨር መጥቶ ነበር። ፀጉሩ ነጥቶ፣ ሰውነቱ ሞልቶ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እንደምን ነዎት፣ አቶ ጌታቸው? ቤተሰብ ደህና ነው?»

ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንተ ሲባባሉ፣ አንድ አልጋ ላይ በተራ ሲተኙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አባዬ እጁን እንደያዘው ትንሽ ቆየ፤ ጌች እስኪለው እየጠበቀ ይመስል ነበር። ከዚያ እሱም ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አለ። ተለያይተው ተቀመጡ። እኔ ስለ ሜሮን ስጠይቀው ነርስ መሆኗን ነገረኝ፣ ሰላም በልልኝ አልኩት፣ እሺ አለ። ሜሮንና እኔ አሁን የምንጻጻፈው ለልደት ቀን ብቻ ነው።

አባዬ ጡረታ ወጥቷል። ቅዳሜ ሲመቸኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ አብሬው አያለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ከድሮው በእጥፍ ይበልጣል፣ የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር ይታያል፣ ሶፋው ላይ ግን እሱ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ነን፣ መሃሉ ባዶ ነው። ያኔ ስንሸነፍ ቤቱ ይናወጥ ነበር፤ አንዱ አሰልጣኙን፣ ሌላው ዳኛውን ይራገማል፣ እማዬ ጎረቤት ሰማን ትላለች፣ እኛ ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ እንስቃለን። አሁን መሪነቱ ማምለጥ ሲጀምር አባዬ አይናደድም። ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን ይቀንሳል፣ ይቀንስና ያጠፋዋል፤ ከዚያ ልጆቹ ያለ ድምፅ ሲሸነፉ እስከ መጨረሻው እናያቸዋለን፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማውም የማሞቂያው ጉርምርምታ ብቻ ነው።