ባለቤቴ እያነበበች፣ እኔ እየነዳሁ

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ፕሌይስቴሽን ቤት ምን ይሠራል ብሎ የሚገረም ካለ ይገረም። ዕድሜዬን የጭነት መኪና ስነዳ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የዳሞታን ተራራ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። አንድ ቀን ከባለቤቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ፣ ከሶዶ መነኸሪያ ጀርባ አዲስ በተከፈተ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቴሌቪዥን ላይ መኪና ሲነዳ አየሁ። ቆምኩ። አነዳዱ ደስ አላለኝም።

"ይሄ ሰውዬ መኪናውን ሊገለብጠው ነው" አልኳት።

"ታዲያ ግባና አሳየው" አለችኝ። ገባሁ።

ጨዋታው ዕቃ ጭኖ ማድረስ ነው። ተራ በተራ ይነዳል፤ መኪናው የተቃጠለበት ይሸነፋል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ችግሩ፣ የምትሄድበት ቦታ ከታች በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ባለቤቴ ግን ሆስፒታል ድሬሰር ሆና የመድኃኒት ብልቃጥ ስታነብ የኖረች ናት። አጠገቤ ተቀምጣ እንግሊዝኛውን ታነብና በወላይትኛ ትነግረኛለች። ጆይስቲኩን አትነካም። እንዲህ እያልን የቅዳሜ ደንበኞች ሆንን። እኔም ሹፌርነቴ የተመለሰልኝ መሰለኝ።

እዚያ ቤት አንድ ጎበዝ ተጫዋች የሆነ መምህር ነበር። ቁልፎቹን በቅደም ተከተል ቀጭ ቀጭ ሲያደርጋቸው አዲስ መኪና ከሰማይ ዱብ ይልለታል። ኮድ ነው ይላሉ። ያጨበጭቡለታል እንጂ ማንም ምንም አይለውም።

አንድ ቅዳሜ አሸነፍኩት። ጆይስቲኩን አስቀመጠና ተነሣ።

"ጋሼ፣ ይሄ አይቆጠርም። ኩረጃ ነው።"

"ምኑ ነው ኩረጃው?"

"እትዬ እየነገሩዎት! ፈተና ቢሆን እኮ ወረቀትዎን እቀማዎት ነበር።"

ቤቱ ሳቀ። እሱ ግን አልቀለደም። "ከዛሬ ጀምሮ ወይ እትዬ ውጭ ይጠብቁ፣ ወይ እኔና ጓደኞቼ ሌላ ቤት እንሄዳለን" አለ።

የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት፣ አባቱ ከጉራጌ መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ አንደበተ ጣፋጭ ወጣት ነው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ፤ እትዬን በረንዳ ላይ ሻይ ልጋብዛቸው" አለኝ። ባለቤቴም ነጠላዋን ሰብስባ መነሣት ጀመረች። "ተወው፣ ለጨዋታ ነገር!" አለች። እጇን ያዝኩ።

"መምህር" አልኩት፣ ድምፄን ሳላነሣ፣ "ከጉኑኖ ወደ ቦምቤ በክረምት ነድተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኔ ነድቻለሁ። ረዳቴ ከኋላ ወርዶ 'ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!' ሲለኝ ገደል አፋፍ ላይ መኪና አዙሬያለሁ። የማላውቀው አገር ስደርስ ያገኘሁትን ሁሉ እየጠየቅሁ ነው ጭነቱን ያደረስኩት። ኮረጅክ ያለኝ ሰው የለም።"

"ያ ሥራ ነው ጋሼ። ጨዋታ ግን ሕግ አለው።"

"ከሰማይ የሚወርደው መኪናስ?"

"እሱን አጥንቼዋለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው።"

"ማን ነገረህ?"

"ተማሪዎቼ" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። "አየህ" አልኩት፣ "አንተም ተነግሮሃል። የእኔ ኩረጃ የሆነው ባለቤቴ ሰው ፊት ስለምትነግረኝ ነው?"

መምህሩ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት። ባለ ቤቱ እስኪርቁ ድረስ በሩን ሲያይ ቆየ። በእውነት አዘንኩለት፤ የቅዳሜ ገበያው ነበሩ። በተናገርኩት ግን አላዘንኩም፤ ዛሬም አላዝንም። "ሽማግሌ ሰው ነህ፣ ብትተውለት ምን ነበር?" ያሉኝ አሉ። አልተውም። የማያውቁትን መጠየቅ ሌብነት ከሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ሌባ ነበርኩ፤ የፈለገ ሌባ ይበለኝ።

"ተቀመጪ" አልኳት ባለቤቴን። ተቀመጠች።

ባለ ቤቱ ተንፍሶ መጣና የመምህሩን ጆይስቲክ አነሣ። "በሉ እሺ ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ይሁን።"

ባለቤቴ በዚህኛው ዙር ሁሉም እንዲሰማት በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብላ አነበበች። "ወደ ግራ ታጠፍ ይላል!"

ታጠፍኩ። ከአጥር ጋር ተላተምኩ፤ መኪናው ነደደ።

"ወደ ግራ አልኩህ እንጂ አጥር ውስጥ ግባ አልኩህ?" አለችኝ።

ከፈልኩና እንደገና ጀመርን።