ለአባቴ ዓይን የሚሆን ፊደል

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። መጽሐፉን ይዘው መስኮት አጠገብ ይቆማሉ፤ አንዴ አቅርበው አንዴ አርቀው ይሞክሩና ይከድኑታል። ሲያማርሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ባሕር ዳር የሚኖረው ወንድሜ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ገዝቶ ላከላቸው። የእንግሊዝኛው ፊደል እንደ ልብ ይተልቃል፤ የአማርኛው ግን ቀጭንና የተፋፈገ ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ ላይ እንዲያውም በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ሌላ የፊደል ቅርጽ ልጭንበት ብሞክር እንቢ አለኝ። ለወራት ተቋርጦ የነበረው ኢንተርኔት ሲመለስ ደግሞ መሣሪያው ራሱን አደሰና የጫንኩላቸውን መጻሕፍት አጠፋቸው።

«የት ሄዱ?» አሉኝ።

«ኩባንያው ነው ያጠፋቸው፣ አባባ።»

«ቤታችን ሳይገባ?»



እኔ የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው፤ ስለ ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ለምታስተምረው ጎረቤታችን ነገሩን አጫወትኳት። ማንም ሰው ውስጡን አይቶ እንደሚፈልገው ሊለውጠው የሚችል ነጻ ሶፍትዌር እንዳለ ነገረችኝ።

«እሱን የሚቀበል ማንበቢያ ካገኘሽ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያዝበት ባለቤቱ ነው» አለች።

ፍለጋው ክረምቱን ፈጀ። ገበያው ዳር ያሉ ባለሱቆች አብዛኞቹ ዕቃውንም አያውቁትም። በመጨረሻ ስልክና ሬዲዮ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ከአዲስ አበባ ያገለገለ አስመጡልኝ። ጀርባው ተጭሯል፣ መስታወቱ ግን ደህና ነው። ጎረቤታችን ሶፍትዌሩን ጫነችበት፤ ወፍራም የግዕዝ ፊደልም አስገብታ አተለቀችው።

ዳዊት ከፍቼ ሰጠኋቸው። በአንድ ገጽ የሚታየው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ከንፈራቸው ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ።

«‹ጸ› እና ‹ጰ› ተለያዩልኝ» አሉ። ቀና ብለውም፣ «ይህንንስ ማን ያጠፋዋል?»

«አንቱ ካላጠፉት ማንም።»

በጋውን ሙሉ አነበቡ። በተከታዩ ዓመት ቀኝ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ፤ ግራውም ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገሩን።

አሁን ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «አንቺ አንብቢው፣ እኔ ልስማ» ይላሉ። የዳዊቱን ግዕዝ ሳነብ ድምፄን ማንሣት ሲገባኝ የጣልኩ ወይም መጣል ሲገባኝ ያነሣሁ እንደሆነ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ቃሏን እደግማታለሁ፤ እጃቸው ሲወርድ እቀጥላለሁ።