የፎርማኑ ፒራሚድ

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ነበር፤ ጡረታው ሲቃረብ ፎርማን ተባለ። ቡታጅራ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ሁሉ የእኔ ሥራ ነው ይላል። ያጋደለው የሌላ ሰው ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ስለኖርኩ ፋይሉን ሳላይ አላምንም፤ ቢሆንም አልተከራከርኩትም።

ነገሩ የጀመረው ከቴሌቪዥን ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈረንጆች ፒራሚድ ሥር ቆመው፣ የዛሬ ሰው ይህንን መልሶ መሥራት ይችል እንደሆነ ይጨነቃሉ። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣው የፊዚክስ መምህር፣ እንደ ልማዱ እኛ ቤት ተቀምጧል። ድሮ ከጎንደር ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው።

"አይችልም" አለ።

"ምን አላት?" አለ ባለቤቴ። "መስኮት የላት፣ ቧንቧ የላት፣ ሽንት ቤት የላት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው።"

"ፎርማን፣ አንዱ ድንጋይ እኮ ከመኪና ይከብዳል።"

"ክሬን አለ አይደል?"

"ሃያ ዓመት ሳይነጫነጭ የሚጠብቅ አሠሪስ ከየት ታመጣለህ?"

"ቲቸር፣ ያንን ግድብ የገደብን ሕዝብ ነን እኮ!"

"አንተ ነህ የገደብከው?"

ሁለት ሳምንት እንዲህ ተባባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ክርክሩን በሥራ ሊጨርሰው ቆረጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከወላጆቹ መቃብር አጠገብ፣ ለሁለታችን የተፈቀደልን ቦታ አለ።

"መቃብሬን ራሴ እሠራለሁ" አለ። "ከሞትኩ በኋላ ለሌላ ሰው ብትሰጡት ሲሚንቶውን ይሰርቁብኛል። በፒራሚድ ቅርጽ ነው የምሠራው፤ ቲቸር ዓይኑ እያየ።"

የደብሩን ቄስ ለማስፈቀድ አብሬው ሄድኩ። ቄሱ ሲሰሙ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

"ፈርዖን? በእኛ ቅጥር ግቢ? እስራኤልን ያን ሁሉ ጡብ ያስመታው?"

"መምሬ፣ ዮሴፍም እኮ ሹመቱን ያገኘው እዚያው ነው። እመቤታችንም ስትሰደድ የሄደችው ወደዚያው ነው።"

ቄሱ ጋቢያቸውን መልሰው ለቀቁት። "ቁመቱ ከቤተ ልሔሙ እንዳይበልጥ" አሉ። "ጫፉ ላይም መስቀል ይኑረው።"

ሥራው ተጀመረ። ባለቤቴ ማዕዘኑን በክር፣ ጎኖቹን ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያደረገ ለክቶ አወጣ። መምህሩ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ "ግብፆቹም እንዲሁ ነበር የሚያወጡት ይባላል" አለ፣ ሳይወድ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አልሄድ አለ። የፒራሚድ ግድግዳ ወደ ውስጥ ማጋደል አለበት። ባለቤቴ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ቱምቢ፣ ያን ብረት የተንጠለጠለበትን ክር፣ እያወረደ ግድግዳ እንዳያጋድል ሲከላከል የኖረ ሰው ነው። ጥቁሩን ድንጋይ አጋድሎ ያስቀምጣል፤ መልሶ መዶሻውን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግበት ድንጋዩ ቀጥ ይላል። ወገብ ላይ ሲደርስ ራቅ ብሎ አየው።

"ፎርማን፣ ይህ የጥበቃ ቤት ነው" አለው መምህሩ።

አፈረሰው። እንደገና ገነባ። በሁለተኛው ቀን ከእንሴኖ ሽንኩርት ይዛ የመጣች ሴት በአጥሩ በኩል አይታው፣ "አባባ፣ ሱቁ ይከራያል?" ብላ ጠየቀችው። በሦስተኛው ቀን ቱምቢውን ቤት ትቶ ሄደ። ግድግዳው ያለ ቱምቢም ቀጥ አለ።

"እጄ እንቢ አለኝ" አለኝ ቤት ሲገባ። "እንዳያጋድል ያስተማርኩት እጅ ዛሬ አጋድል ስለው አይሰማኝም።" እንዲህ አዝኖ ያየሁት ኮርኒስ የተደረመሰበት ጊዜ ብቻ ነው።

መላውን ያመጣው መምህሩ ነው፤ እየተሸነፈ መሆኑን የተረዳው ዘግይቶ ነበር። "ለምን በደረጃ አትሠራውም?" አለ። "እያንዳንዱን ዙር ከታችኛው አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ አስገባው። እያንዳንዱ ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ግን ያጋድላል። የመጀመሪያዎቹም እንደዚህ ነበሩ።" ከዚያ በኋላ በሳምንት ውስጥ ደረት ላይ ደረሰ።

በማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ ላየው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ያምራል ግን ሰፍቷል። ቦርሳዬ ውስጥ ለመጋረጃ የያዝኩት ሜትር ነበር፤ አውጥቼ ለካሁ። ከፒራሚዱ እግር እስከ ሌላ ሰው መቃብር ድረስ የቀረው ቦታ አንድ ክንድ አይሞላም።

"እኔስ የት ነኝ?" አልኩት።

ባለቤቴ የግንበኛ ማንኪያውን አየ። ከዚያ መሬቱን አየ። መምህሩ ሰማይ ላይ ደመና ፈለገ።

"ፈርዖኖቹ ለሚስቶቻቸው ትንንሽ ይሠሩላቸው ነበር፣ እትዬ" አለ በመጨረሻ፣ ሊያግዝ ብሎ። "በስተጎን።"

"በስተጎን የሰው አያት ተኝተዋል" አልኩት።

"ከላይ..." ብሎ ጀመረ ባለቤቴ።

"ከላይ ምን?"

"ምንም።"

አርባ ሦስት ዓመት አጠገቡ ስተኛ ቦታ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሜትሬን ጠቀለልኩ። "እናቴ ወልቂጤ ናት፤ አጠገቧ ክፍት ቦታ አለ። እዚያ እቀበራለሁ። ልትጠይቀኝ ስትፈልግ በሚኒባስ ትመጣለህ" ብዬው ወጣሁ።

ሦስት ቀን ከምግብና ከመድኃኒት ሰዓቱ በቀር አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን መምህሩ በራችን ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ እያፈረሰው ነው" አለኝ። አልቸኮልኩም። ልብሴን አስጥቼ ጨርሼ ሄድኩ።

ግማሹን አፍርሶታል። ፒራሚዱን ከጫፉ እስከ እግሩ መሃል ለመሃል ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ጎን በአንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ መዝጋት ጀምሯል። ቱምቢው ተንጠልጥሏል። ያ ግድግዳ አንድ ጊዜም ሳይፈርስ በሁለት ቀን ወጣ፤ በዚህ በኩል እጁ አላስቸገረውም። ሲያልቅ ተመልሼ ሄድኩ። በወዲያኛው ጎን ደረጃዎቹ አሉ፤ በወዲህኛው ባዶ መሬት።

ቄሱ ሲያልፉ ቆም አሉ። "ደረጃው ወዴት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"እንግዲህ አልተቻለም ማለት ነው" አለ መምህሩ። "ግማሽ ፒራሚድ የሚባል ነገር የለም።"

"ይቻላል" አለ ባለቤቴ። "ፈርዖን ሜትር ይዛ የምትመጣ ሚስት አልነበረችውም እንጂ።"

እኔ ግድግዳውን እያየሁ ነበር። "ይህ መሃላችን ሊገባ ነው?"

"እሱ ከመሬት በላይ ነው። ከታች ክፍት ነው።"

ከዚያ ክሩን ይዞ መጣና ከአናቴ እስከ ተረከዜ ለካኝ። የሚያልፉት ሴቶች እንዳላዩ ሆነው አዩን። ርዝመቱን መሬት ላይ ዘርግቶ ችካል መታ። ስፋቱን ግን ሳይለካ፣ በዓይኑ ብቻ፣ ሌላ ችካል መታ።

"በዛ" አልኩት።

"አልበዛም። ስትተኚ ትገላበጫለሽ።"

ቤት እንደገባሁ ወልቂጤ ላለችው እህቴ ደወልኩ። ከእናታችን አጠገብ ያለውን ቦታ ለሌላ ሰው ቢሰጡት እንደማይከፋኝ ነገርኳት።