ትከሻዬን ማን ነው ያወለቀው

ቀኝ ትከሻዬን ያወለቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የሚስቴ ወንድም ነው፣ ሌላው ጎረቤቴ። አንዳቸውም ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ አያውቅም።

እግሮቼ የሞቱት ከዚያ በፊት ነው። ጨፋ ሜዳ ላይ ማሽላ ስጠብቅ ከማማ ወድቄ ወገቤ ተሰበረ። የቀረኝ ክንዴ ነበር። በክንዴ ከመደብ ወርጄ እየተጎተትሁ ሽንት ቤት እሄዳለሁ፤ በክንዴ ቃጫ ገምጄ ሰንበቴ ገበያ ለሚወርዱ ከብት ነጋዴዎች ገመድ እሸጣለሁ። ሚስቴ ከቦታ ቦታ ስታዘዋውረኝ ጀንዲውን፣ ያንን የምንተኛበትን የበሬ ቆዳ፣ ከሥሬ ሰድዳ ቆዳውን ነበር የምትጎትተው። እኔን አትጎትተኝም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው አንድም አዋቂ እንዳይቀር አለ። የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም ተባለ። እግር የለኝም ብዬ ላክሁ። ሊቀመንበሩ «ተሸክማችሁ አምጡት» ብሎ ሁለቱን አዘዘ።

ጠዋት መጡ። ሚስቴ ጀንዲውን ዘረጋች።

«በዚህ አንሱት፤ ክንዱን እንዳትነኩት።»

ወንድሟ ተቆጣ። «አንቺ! በሕይወት ያለ ሰው እንደ ጀናዛ አጋድሜ በከሚሴ መሀል ላሳልፍ? ሰዉ ኢናሊላሂ እያለ ይከተለናል እኮ!»

«ወላሂ፣ መቃብር ድረስ ይሸኘን ነበር» አለ ጎረቤቴ፤ ተሳሳቁ።

«አይዞህ፣ እንደ ሙሽራ በቁምህ ነው የምትገባው» አለኝ አማቼ። እኔን ማን ጠየቀኝ? አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ብብቴ ሥር ገቡና ቢስሚላህ ብለው አነሱኝ። እግሮቼ መሬት ለመሬት ይጎተታሉ። ከደጃችን ብዙም ሳንርቅ የሆነው ሆነ።

አማቼ ጎረቤቴ ቀድሞ ለቀቀ ይላል። ጎረቤቴ አማቼ ሳይናገር ሳበ ይላል። እኔ ምን አውቃለሁ! አንድ ቀን ሳስበው ግራው ቀድሞ ወረደ፤ ሌላ ቀን ሳስበው ቀኙ ቀድሞ ተሳበ። ደርቆ የቆየ እንጨት ሲገነጠል እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ሰማሁ። መውደቄን እንኳ አላስታውስም።

ወጌሻ መለሰልኝ፤ አልጸናም። ገመዱ ቀረ። ሽንት ቤትም በራሴ መሄድ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ነገር የሚያነሳኝ ሰው አስፈለገኝ፤ የሚያነሱኝስ እነማን ናቸው? እነዚያው ሁለቱ። አማቼ በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ፣ ሙሽራው!» እያለ፣ እንዴት አደርህ ማለቱ ነው፣ ይገባና እጁን ወደ ብብቴ ይሰዳል። እጮሃለሁ። እሱ ይቀየማል።

«ለአጅር፣ ከአላህ ለማገኘው ምንዳ ብዬ ሥራዬን ፈትቼ ብመጣ ትጮህብኛለህ?»

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሊጎዱኝ አልመጡም። ሊያከብሩኝ ሲሉ ነው የጎዱኝ። ይህን ምን ብለው ይጠሩታል? ብቀየም ውለታ ቢስ እባላለሁ፤ ዝም ብል የቀረውንም ትከሻ ይጨምሩልኛል። የበደለኝን ጠላት ብዬ እንዳልጠራው ውሃ የሚያቀብለኝ እሱ ነው። ወዳጅ እንዳልለው ደግሞ ኮቴውን ስሰማ ክንዴን ጋቢ ሥር እደብቃለሁ። በመጨረሻ ማንም አይንካኝ አልሁና መደብ ላይ ቀረሁ። ጀርባዬ መቁሰል ጀመረ። ሚስቴ ቁስሉን አየችና ለእኔ ሳትነግር ሽማግሌ ጠራች።

የሰፈራችን ሸህ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው ቤታችን ተቀመጡ፤ አማቼና ጎረቤቴም ተጠሩ።

«ማን እንደሳበኝ ይማሉልኝ» አልሁ።

አማቼም ጎረቤቴም ለመማል ብድግ አሉ። ፊታቸውን አየሁ፤ ሁለቱም እውነት የሚናገሩ ይመስላሉ። ይባስ ብሎ ማንን ልመን?

«ተቀመጡ!» አሉ ሸህየው። «አንዳችሁ በአላህ ስም ልትዋሹ ነው፤ አላስምልም።» ወደኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ምን ይሁንልህ?»

ጥያቄዬን ስለዘለሉት ተናድጃለሁ። ቢሆንም መለስሁላቸው።

«በጀንዲው ያንሱኝ። የት እንደሚይዙኝ ይጠይቁኝ። አንሱ ሳልል አያንሱኝ።»

«አባቴ፣» አለ አማቼ፣ «ሰው ሳይሞት እንደ ጀናዛ—»

«ጀናዛ አንሱ ይላል እንዴ?» አሉት ሸህየው።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አማቼ አልሳቀም። ሸህየው ተነሥተው ጀንዲውን እሳቸው ራሳቸው ወደ መደቡ አመጡት። ሚስቴ በጎኔ አገላብጣ ከሥሬ ሰደደችው፤ ጀርባዬን በትራስ ደገፈች። አንዱን ጫፍ ሸህየው ያዙ። «ኮቱ፣ ቀቢ» አሉት አማቼን፤ መጥቶ ያዘ። ጎረቤቴ ሦስተኛውን፣ ሚስቴ አራተኛውን ያዙ። አጎንብሰው ጠበቁኝ። ሰው እኔን ሲጠብቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንሱ» አልሁ።

ተነሣሁ። አላመመኝም። በር ላይ ስንደርስ አማቼ «ከብደሃል» አለኝ።

«ዝም ብለህ ያዝ» አልሁት።

ወደዚያው መሠረተ ትምህርት በገበያው መሀል ይዘውኝ አለፉ። አንዳንዱ ቆሞ አየን፤ ሸህየው ጫፉን ይዘው ሲያይ ሰላምታ ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ። ማን እንደሳበኝ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። ነገሩ አለቀ የተባለው ዓርብ፣ የካቲት 19 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው።